በበርሜል ውኃ ውስጥ የሚያድግ ትኩሳት

ጤናን ስለ መጠበቅ በተነሣ ቁጥር የሚደረደሩት ምክሮች ለአብዛኞቻችን የተለመዱ ናቸው፤ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ በቂ እንቅልፍ መተኛት፣ አትክልትና ፍራፍሬ ማዘውተር፣ ሰውነትን ማንቀሳቀስ። ሁሉም እውነት ናቸው፤ በየትኛውም አገር ለሚኖር ሰውም ሊነገሩ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ጤናን የሚጠብቁ ልማዶች እንደየአካባቢው አየር፣ ውኃና አኗኗር ይለያያሉ። ለደጋ ነዋሪ ብዙም የማያሳስብ ነገር በሞቃት ከተማ ውስጥ ሰውን በብዛት አልጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁሉንም ምክር ከመደርደር ይልቅ በአንዲት ከተማ፣ በድሬዳዋ፣ ላይ ተመሥርተን አንዲት ልማድን ብቻ ጠለቅ ብለን ለመመልከት መርጠናል። ልማዷም የውኃ ማጠራቀሚያን በየሳምንቱ መፈግፈግና አጥብቆ መክደን ናት።

ልማዷ እጅግ ተራ ትመስላለች። በአንጻሩ ግን ከ2006 እስከ 2014 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ብቻ በከተማዋ ከተከሰቱት ታላላቅ የትኩሳት ወረርሽኞች ሦስቱ መነሻቸው ባልተከደነ ዕቃ ውስጥ የቆመ ውኃ ነበር ማለት ይቻላል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ከከተማዋ ውኃ መጀመር ይኖርብናል።

ከተማዋና ውኃዋ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ካለው ሜዳ ሲደርስ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ አሸዋ ሆኖ ይከርማል። ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ ግን በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈው የሌሊት ጎርፍ አሳይቷል።

ከተማዋ የምትጠጣው የወንዝ ውኃ ሳይሆን የከርሰ ምድር ውኃ ነው። በሳቢያንና በአካባቢው ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የሚወጣው ይህ ውኃ የኖራ ድንጋይ ባለበት መሬት አልፎ የሚመጣ በመሆኑ ካልሲየም ይበዛበታል፤ በማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። ስለዚህ ቅርፊት በኋላ የምንለው ይኖረናል። ውኃው በሁሉም ሠፈር ሁልጊዜ ስለማይገኝ፣ በብዙ ሠፈሮችም በፈረቃ ስለሚመጣ፣ የድሬ ሰው ውኃ ማጠራቀምን እንደ እንጀራ መጋገር የዕለት ኑሮው አካል አድርጎታል። በርሜሉ፣ ጀሪካኑ፣ ሮቶው፣ የሲሚንቶ ገንዳው በየግቢው ይገኛል። ይህ የቤተሰብ ጥንቃቄ እንጂ ስንፍና አይደለም። ችግሩ ያለው ይህንኑ ጥንቃቄያችንን ለራሷ ዘር የምትጠቀም ሌላ ፍጡር በመኖሯ ነው።

ሦስት ትኩሳቶች

በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በድሬዳዋ ብርቱ ራስ ምታት፣ ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመምና ከፍተኛ ትኩሳት ያለበት በሽታ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያዘ። በላቦራቶሪ ሲመረመር የደንጊ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። በአገራችን የደንጊ ወረርሽኝ በምርመራ ሲረጋገጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። ደንጊ አራት ዓይነት ቫይረሶች አሉት፤ በአንደኛው የታመመ ሰው በዚያው ዓይነት ዳግመኛ አይታመምም፤ በሌላኛው ዓይነት ሲያዝ ግን ደም ወደ መፍሰስ የሚደርስ ከባድ ሕመም የመከተሉ ዕድል ይጨምራል። እንግዲህ አንድ ጊዜ ታምሞ የዳነ ሰው «እኔ አልፎልኛል» ብሎ የሚዘናጋበት ምክንያት የለም።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት፣ ቺኩንጉንያ መጣ። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1952 እና በ1953 በሽታው መጀመሪያ ከታወቀበት ከደቡባዊ ታንጋኒካ፣ ከማኮንዴ ሕዝብ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን መጉበጥን ያመለክታል። የታመመው ሰው በመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት ቀጥ ብሎ መቆም ስለሚሳነው ነው። በድሬዳዋ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ታመሙ። የአስተዳደሩ ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው ብንል፣ ከየአሥራ ሁለቱ ሰው አንዱ ማለት ነው። ቺኩንጉንያ ብዙውን ጊዜ አይገድልም። ሆኖም ሸክም የሚሸከም፣ ልብስ የሚሰፋ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሸጥ ሰው ጣቱና ጉልበቱ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሲታሰርበት፣ «አይገድልም» የሚለው ቃል ብዙም አያጽናናም።

ሦስተኛው ወባ ነበር። ወባ ለድሬዳዋ አዲስ በሽታ አይደለም፤ አዲሱ ነገር የመጣበት ወቅትና ቦታ ነው። ወባ በአገራችን በብዛት የሚታየው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ረግረግና ኩሬ በሚበዛበት ገጠር ነው። በድሬዳዋ ግን በበጋው፣ ከጥር እስከ ግንቦት 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2022) ባሉት አምስት ወራት፣ ከ2,400 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ2019 በሙሉው ዓመት የተመዘገቡት 205 ብቻ ነበሩ። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2023 «ኔቸር ሜዲሲን» በተባለው መጽሔት የታተመው ጥናት ወረርሽኙን የተከታተለው በአንድ የከተማ ቀበሌና በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መኖሪያ ነበር። ይህን ለተማሪ አንባቢዎቻችን ሆን ብለን እንጠቅሳለን፤ የመኝታ ሕንጻ የውኃ ገንዳ የማንም ሳይሆን የሚቀር ዕቃ ነውና።

እንቁላሉ የት ነው ያለው?

ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ ኤደስ ኤጂፕቲ ትባላለች። ጥቁር ሆና በእግሮቿ ላይ ነጭ ቀለበቶች አሏት፤ ከሌላው ቢምቢ ለመለየት አትቸግርም። ቢምቢን የሌሊት ጠላት አድርገን ስለለመድን የዚህችን ጠባይ ልብ አንልም። እርሷ የምትነድፈው በቀን ነው፤ ይልቁንም ከማለዳው ሰዓትና ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ባሉት ሰዓታት። በድሬ ሙቀት ሰው ከምሳ በኋላ ጋደም ብሎ፣ ወይም በረንዳ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ በሚጫወትበት ጊዜ አጎበር የሚዘረጋ የለም። ወንዴው ትንኝ ደም አይጠጣም፤ ሴቷም ደም የምትፈልገው ለምግብ ሳይሆን እንቁላሏን ለማሳደግ ነው።

ትልቁ ቁም ነገር እንቁላሉ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ኤደስ እንቁላሎቿን ውኃው ላይ አትበትንም። ከውኃው መስመር ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በዕቃው እርጥብ ግድግዳ ላይ አንድ በአንድ ታጣብቃቸዋለች። ለዚህም ሻካራ ገጽ ትመርጣለች፤ ከላይ የጠቀስነው የካልሲየም ቅርፊትም የበርሜልን ግድግዳ ሻካራ ስለሚያደርግ ቅርፊቱን ማስለቀቅ ሁለት ጥቅም ይኖረዋል ብለን እናምናለን። ጥቁርና ከአቧራ ቅንጣት የማይበልጡት እነዚህ እንቁላሎች ውኃው ሲጎድል ይደርቃሉ፤ ነገር ግን አይሞቱም። በደረቅ ግድግዳ ላይ ለወራት ሕይወታቸውን ጠብቀው ይቆያሉ፤ የፈረቃው ውኃ መጥቶ በርሜሉ ሲሞላና ውኃው ሲነካቸው ይፈለፈላሉ።

ከዚህ አንድ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር ይከተላል። በርሜሉን ደፍቶ፣ አለቅልቆ፣ መልሶ መሙላት በቂ አይደለም። የደፋነው እጩን እንጂ እንቁላሉን አይደለም። እንቁላሉ የሚለቅቀው በብሩሽ፣ በሻካራ ጨርቅ ወይም በአሸዋና በሳሙና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ስንፈገፍግ ነው።

ለምን በሳምንት አንድ ጊዜ? እንቁላሉ ከተፈለፈለ በኋላ እጩ አራት ጊዜ ቆዳውን እየቀየረ ያድጋል፤ ከዚያም ምግብ መውሰድ አቁሞ ክንፍ ወደሚያወጣበት ደረጃ ይሸጋገራል፤ በመጨረሻም ትንኝ ሆኖ ከውኃው ገጽ ይነሣል። ይህ ሁሉ በቀዝቃዛ አየር ብዙ ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ግን ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። ሰባተኛው ቀን ከመሙላቱ በፊት ሰንሰለቱን የበጠሰ ሰው ትንኟን ከመብረሯ በፊት አገኛት ማለት ነው። ሳምንት የሚለው ልክ ከልማድ የተወሰደ ቢመስልም መሠረቱ ይህ የእድገት ፍጥነት ነው።

የቸልታውን ዋጋ ለማሳየት ያህል ትንሽ ስሌት እንሥራ። አንዲት ሴት ትንኝ በአንድ ጊዜ 100 ያህል እንቁላል ብትጥልና ከእነርሱ 20 ብቻ ቢያድጉ፣ ግማሾቹም ሴት ቢሆኑ፣ አሥር ሴቶች ይገኛሉ። አንድ ትውልድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል ብለን ብንወስድ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ አንዲቷ ትንኝ አንድ ሺህ ሴቶችን ተክታለች። በእርግጥ በተፈጥሮ ውስጥ ቁጥሩ እንዲህ በእኩል እርምጃ አይጨምርም፤ ምግብ ይጎድላል፣ ጠላት ይበላል፣ ሙቀት ይገድላል። ነገር ግን አንድ የተረሳ በርሜል ለአንድ ግቢ ብቻ ሳይሆን ለአንድ ሠፈር ምን ሊያተርፍ እንደሚችል ስሌቱ ይጠቁማል። ኤደስ ሩቅ በራሪ አይደለችም፤ ብዙውን ጊዜ ከተወለደችበት ቦታ ከ100 ወይም ከ200 ሜትር የማይበልጥ ርቀት ውስጥ ትኖራለች። ስለዚህ ዛሬ የነደፈችን ትንኝ የተወለደችው በራሳችን ወይም በጎረቤታችን ግቢ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አዲሷ እንግዳ

ሁለተኛዋ ባለጉዳይ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ናት። የነባሩ የአገራችን ወባ ዋና አስተላላፊ፣ አኖፊለስ አረቢየንሲስ፣ ፀሐይ በሚያገኘው የዝናብ ኩሬና በከብት ኮቴ ጉድጓድ ውስጥ የምትራባ የገጠር ትንኝ ናት። ስቴፈንሲ ግን መነሻዋ ደቡብ እስያና የዓረብ ልሳነ ምድር ሲሆን ከከተማ ጋር የተላመደች ናት፤ እንቁላሏን በጉድጓድ፣ በገንዳ፣ በበርሜልና በግንባታ ቦታ በሚጠራቀም ውኃ ላይ ትጥላለች። በሕንድ፣ በተለይም በሙምባይ፣ የውኃ ታንከሮች ለትንኝ መግቢያ የሌላቸው እንዲሆኑ በሕግ እስከ ማስገደድ የተደረሰው በዚህችው ትንኝ ምክንያት ነው።

በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ነው። በዚያ ዓመት ጅቡቲ የመዘገበችው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር፤ ወባን ከአገር ለማጥፋት ከደረሱት አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2020 ቁጥሩ ከ73 ሺህ በላይ ሆነ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ ከዚያ በኋላ በተደረጉ አሰሳዎች ድሬዳዋን ጨምሮ በበርካታ የምሥራቅ ከተሞች መኖሯ ተረጋገጠ። ከላይ የጠቀስነው የ2022ቱ የድሬዳዋ ጥናት በሕሙማኑ ቤት አካባቢ ከተያዙት ጎልማሳ አኖፊለስ ትንኞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስቴፈንሲ እንደነበሩ አሳይቷል። የታመመው ሰው ቤት ካልታመመው ሰው ቤት የተለየበት አንዱ ነጥብም በአቅራቢያው የስቴፈንሲ እጭ ያለበት የውኃ ዕቃ መገኘቱ ነበር።

የዚህች ትንኝ መምጣት የለመድናቸውን መከላከያዎች ከንቱ ባያደርጋቸውም ያዳክማቸዋል። የቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚረጨው መድኃኒት የሚሠራው ትንኟ ደም ከጠጣች በኋላ ግድግዳው ላይ ስታርፍ ነው፤ ስቴፈንሲ ግን በከብት በረትና ከቤት ውጭ ባሉ ጥላ ቦታዎችም ታርፋለች። በአገራችን ለተለመዱ በርካታ ፀረ ተባይ ኬሚካሎችም የመቋቋም ችሎታ አሳይታለች። ከመሸ በኋላ ሰው ገና ግቢ ውስጥ እየተጫወተ ሳለ ትነድፋለች፤ ሙቀት በበዛበት ሌሊት ደግሞ ብዙ ሰው ደጅ ይተኛል። አጎበር እንዳይዘረጋ የምንመክር እንዳይመስል! ደጅም ቢሆን አጎበር ውስጥ መተኛት የሚገባ ነገር ነው። የምንለው፣ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ትንኞች ልናገኛቸው የምንችለው ገና መብረር ሳይጀምሩ፣ በውኃ ዕቃው ውስጥ ሳሉ ብቻ ነው።

የሃቫና ትምህርት

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። የኩባው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ይህችው ዛሬ ኤደስ ኤጂፕቲ የምንላት ትንኝ መሆኗን እ.ኤ.አ. በ1881 ሲናገር የሰማው ጥቂት ሰው ነበር። በዋልተር ሪድ የተመራው ቡድን በ1900 ይህንኑ በሙከራ አረጋገጠ። በ1901 ዊልያም ጎርጋስ የተባለው የጦር ሐኪም በሃቫና ከተማ ተቆጣጣሪዎችን ቤት ለቤት አሰማራ። ሥራቸው የውኃ በርሜሎችን መክደን፣ የቆመ ውኃን መድፋት፣ ሊደፋ በማይችለው ላይ የላምባ ዘይት ማፍሰስ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ከሃቫና ያልተለየው ቢጫ ወባ አንድ ዓመት ሳይሞላ ጠፋ። ክትባት አልነበረም፤ ለቫይረሱ መድኃኒትም አልነበረም፤ ለነገሩ ዛሬም የለም።

የሃቫናው ሥራ በወራሪ ጦር ሥልጣንና በቅጣት የተካሄደ እንደነበር መዘንጋት አይገባም። ሹሙ ሲነሣ ልማዱም አብሮ ሊነሣ ይችላል። በድሬዳዋ ከየወረርሽኙ ጋር የጽዳት ዘመቻ ይታወጃል፤ የዘመቻ ችግሩ ማለቂያ ያለው መሆኑ ነው። የትንኟ እድገት ግን በየሳምንቱ ከአንድ ይጀምራል።

ውኃ በተወደደበት ቤት

እዚህ ላይ ምክንያታዊ ተቃውሞ ይነሣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ 200 ሊትር በርሜል በየሳምንቱ ይደፋ ማለት ሰሚ የሌለው ምክር ነው፤ እኛም አንመክርም። ብልሃቱ ቀኑን መምረጥ ላይ ነው። በርሜሉ የሚፈገፈገው የፈረቃው ውኃ ከመምጣቱ በፊት፣ ከሥሩ ጥቂት ውኃ ብቻ ሲቀር ነው። የቀረችው ውኃ በጥቅጥቅ ጨርቅ ተጠልላ ወደ ባልዲ ትገለበጣለች፤ እጩ ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ ውኃዋ ለልብስ ወይም ለወለል ማጠቢያ ትሆናለች። እጩ ያለበትን ውኃ ደረቅ መሬት ላይ ማፍሰስ ይቻላል፤ ፀሐዩ ይጨርሰዋል። ወደ ቦይ ማፍሰስ ግን መኖሪያ መቀየር ብቻ ነው።

በብዙ የድሬ ቤት አስቀድሞም ሳምንታዊ የጽዳት ቀን አለ። ለዐርብ ጁምዓ ሐሙስ የሚታጠበው፣ ለእሑድ ቅዳሜ የሚጸዳው ቤት በርሜሉን ብቻ ቢጨምርበት ልማዱ በአዲስ ሸክም መልክ አይመጣም። ፈረቃው ከሳምንት በላይ ሲዘገይ የቀረው መከላከያ ክዳን ነው። የተንጋደደ ቆርቆሮ ክዳን አይደለም፤ ሴቷ በጠባብ ክፍተት ትገባለች። ሳሳ ያለ ነገር ግን ቀዳዳው የጠበበ ጨርቅ ወይም የአጎበር ቁራጭ በበርሜሉ አፍ ላይ ተወጥሮ በጎማ ሲታሰር ከከባድ ክዳን የተሻለ ይሠራል። ለሮቶ የላይኛው ክዳንና የትርፍ ውኃ መውጫው ቱቦ መታየት አለባቸው። በግንባታ ቦታ ኮንክሪት ለማራስ የሚሠራ ገንዳ፣ የተጣለ ጎማ፣ የአበባ ማሰሮ ሥር ያለ ሳህን፣ ከማቀዝቀዣ ጀርባ የሚጠራቀመው ጠብታ ሳይቀር ይቆጠራሉ።

የሚጠራጠር ሰው በዓይኑ ሊያይ ይችላል። ከበርሜሉ ውኃ በኩባያ ቀድቶ በነጭ ሳህን ላይ ማፍሰስና በብርሃን ማየት ይበቃል። የኤደስ እጭ ጭራዋን ከውኃው ገጽ ጋር አገናኝታ ጭንቅላቷን ወደ ታች ትዘቀዝቃለች፤ የምትተነፍሰው በጭራዋ ጫፍ ባለ ቱቦ ነውና። የአኖፊለስ እጭ ይህ ቱቦ ስለሌላት ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆና ትተኛለች። ሳህኑ ሲነካ ሁለቱም ወደ ታች ይሸሻሉ፤ ጥቂት ቆይተው ለመተንፈስ ይመለሳሉ። ይህ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ ክበብ ሊሠራ የሚችል፣ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ክበቡ የእጭ ዓይነቱንና የተገኘበትን ዕቃ በደብተር ቢመዘግብ የሠፈሩን ካርታ መሥራት ይችላል።

ትኩሳት ከጀመረ ደግሞ ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይበጃል። አንደኛው፣ የደንጊ ጥርጣሬ ባለበት አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ምርመራው እስኪታወቅ ድረስ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በልኩ መውሰድና ፈሳሽ ማብዛት ይሻላል። ሁለተኛው፣ በአንዳንድ የወባ ጥገኛ ነፍሳት ላይ የታየው የዘረመል ለውጥ የተለመደውን ፈጣን የደም ምርመራ እንዲያመልጡት ያደርጋቸዋል፤ የ2022ቱ የድሬዳዋ ጥናትም ይህ ለውጥ ያላቸውን ጥገኛ ነፍሳት በከተማዋ አግኝቷል። ውጤቱ «የለም» ተብሎ ትኩሳቱ ያልበረደለት ሰው ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሶ ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይለት ቢጠይቅ ያለ አግባብ አስቸገረ አይባልም።